የጽጌ ሦስተኛ ምርቃትና የእኔ መሬት

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1980 — ማታ

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፍልሽ። እግሬ አብጧል። እዚሁ ለንደን፣ ከአርችዌይ መመለሴ ነው፤ ከጽጌ ቤት ምርቃት። ሦስተኛ ምርቃት! ሦስት ቤት፣ ሦስት ጸበል፣ ከእኔ ሦስት ድስት። የዛሬው ክዳኑ ብርጭቆ ነው። ለራሴ እንኳ እንዲህ ያለ የለኝም።

ለሌላ ሰው ብናገር ምቀኛ ይሉኛል። ነኝም። አንቺ ማስታወሻዬ ግን ሰምተሽ ዝም ነው፤ ለዚህ ነው የምወድሽ። እና ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ገጽ ላይ «ጽ.» ነው የምትባለው። ስሟን ሙሉውን ስጽፍ እጄን ይቆጠቁጠኛል።

ቤቱን በጥቅምት ስትገዛው አይቼዋለሁ። ሽንት ቤቱ ጓሮ። የግድግዳው ወረቀት እንደ ሙዝ ልጣጭ ተንጠልጥሏል። ወለሉ ላይ የሞተች ርግብ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽሽም፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ባሌን ታደሰን፣ ይኼኛው እንኳ ይጥላታል ብዬዋለሁ። ዛሬ ስገባ ነጭ ግድግዳ፣ የተወለወለ ወለል። የደረጃው መስኮት ደግሞ ባለቀለም መስታወት ሆኖ ተገኘ። ማን እንደቀባው በማይታወቅ ቀለም ሥር ተደብቆ ኖሯል። ከሆስፒታል እየመጣች፣ የነርስ ልብሷን አውልቃ፣ በየማታው ፍቃ ፍቃ አወጣችው። ፀሐይ በዚያ በኩል ገብታ ደረጃው ላይ ቀይና ሰማያዊ ትረጫለች። ቁጭ ብዬ ማልቀስ አማረኝ።

ቄሱ ጸበል እየረጩ፣ «ልጅ ይወለድበት፣ ሽበት ይታይበት» አሉ። ሽበት! በሚቀጥለው ወር ልትሸጠው ነው እኮ! ሁሉም ያውቃል። ቄሱም ያውቃሉ። አሜን አልን።

ሰው የሚኖርበትን ያስመርቃል እንጂ የሚሸጠውን? ወጥ ቤት ውስጥ ለሴቶቹ ጠጋ ብዬ፣ ከእንግዲህ ድስቱን በቀጥታ ለገዢው እንውሰድለት አልኳቸው። ሳቁ። ሳቃቸው ጣፈጠኝ። ጽ. ሳህን እያጠበች ነበር። የሰማች ይመስለኛል፤ ዞር ግን አላለችም።


ሰኞ፣ ሚያዝያ 17 — ጠዋት፣ አውቶቡስ ላይ

ወደ ፓርክ ሮያል። ሳንድዊች ፋብሪካ። ቀኑን ሙሉ የተቀቀለ እንቁላል ልላጥ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ የእኔን ዓምድ ሳታነብ ፀጉሯን የምትሠራ ሴት አልነበረችም! ተዪው።

ትናንት አቶ በቀለ ደወለ፤ የማኅበራችን መጽሔት አዘጋጅ። የምታውቂያት፣ በማባዣ የምትታተመዋ፣ ቀለሟ ጣት ላይ የሚቀር። አንባቢ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እየያዘ ይጠይቀዋል አሉ፦ መሬት ገዝቶ መሸጥ ይሻላል፣ ወይስ አሮጌ ቤት ገዝቶ አድሶ መሸጥ? እውነቱን ነው፣ ከተማው ሌላ ወሬ የለውም። ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት እንግሊዞችም አሁን የቤት ዋጋ ነው የሚያወሩት። ሰብለ፣ እንደ ድሮሽ፣ ሁለት ሴቶች አጥር ላይ ሆነው እንደሚያወሩ አድርጊና ጻፊልኝ አለ። ጥሩ። ደስ አለኝ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? መጀመሪያ ጽጌን አነጋግሪያት፣ እሷ ታውቃለች!

ስልኩን ዘጋሁት። በቀስታ፤ ባለጌ አይደለሁም።

የራሴን ሐሳብ ልሞክር። ቤት፦ ባንክ ያበድራል፣ ሰው ሁሉ መተኛ ስለሚፈልግ ገዢ አይጠፋም። ግን ያፈሳል፣ ይሻግታል፣ እስኪሸጥ የባንኩ ወለድ አይተኛም። መሬት፦ … ስለ መሬት ምን አውቃለሁ? መውረድ አለብኝ።


ሐሙስ፣ ሚያዝያ 20 — ማታ

አቶ ሣህሌ መጥቶ ሄደ። ማን መሰለሽ? ያ ግራጫ ካፖርት ለባሹ፣ የባላባት ልጅ፣ ሲናገር እጁን በእጁ የሚያሸው። ከለንደን ወጣ ብሎ ትልቅ ማሳ የገዛ ድርጅት አለ፤ ቆራርሶ ይሸጣል፤ እሱ ለእኛ ሰዎች ያገናኛል። ምንጣፉ ላይ ካርታ ዘረጋ። ማሳው እንደ ምስር ሳንቡሳ በትንንሹ ተከፋፍሏል፤ እያንዳንዱ ቁጥር አለው።

«ወይዘሮ ሰብለ፣ መሬት እኮ አያፈስም። ቀለም ቀቡኝ አይልም። እርስዎ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፣ ከተማው ራሱ እየተራመደ ይመጣልዎታል። ያኔ ይሸጣሉ። መዶሻ የለ፣ አናጢ የለ!»

ተቀምጬ! ጽ. መሰላል ላይ ቀለም እየተንጠባጠበባት፣ እኔ ተቀምጬ! ቃሉ እንደ ቅቤ ገባኝ።

እና ደግሞ መሬት ነው። አባቴ ኮተቤ በኩል የነበረችንን መሬት በሬዲዮ ነው የተነጠቁት። አዋጁ ሲነበብ ጢማቸውን እየተላጩ ነበር፤ ግማሹን ሳይላጩ ቀሩ። ቀኑን ሙሉ እንደዚያው ሆነው ዋሉ። እዚህ አገር ደግሞ በስምሽ የተጻፈ መሬት የሚቀማሽ የለም። እኔ ባለመሬት ብሆን!

ታደሰም ሰማ። ሚኒካብ ሲነዳ ስለሚውል አፉን ለቤት አያተርፍም። አቶ ሣህሌ ሲወጣ አንዲት ነገር ብቻ አለኝ፦ «ሰብልዬ፣ ማሳው መንገድ አለው?» ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ሾፌር!


እሑድ፣ ሚያዝያ 23 — ከሰዓት በኋላ

ወጣልኝ! ወጣልኝ! ወጣልኝ!

ዕቁቡ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባባ ግርማይ ቤት ነው። ዳኛችን እሳቸው ናቸው፤ የአስመራ ሰው፣ አማርኛቸው ከእኛ የሚበልጥ፣ ጡረታ ላይ ያሉ። ወረቀቱን ከባርኔጣቸው አውጥተው መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «ሰብለ» አሉ። እልል ተባለ። እኔም እልል አልኩ፣ ለራሴ።

ብሩ የሚሰጠኝ ግን በሚቀጥለው ስብሰባ ነው፣ ዋስ ካመጣሁ። ደንቡን ታውቂዋለሽ፦ ገና መጀመሪያው ላይ የደረሰው ሰው፣ በልቶ እንዳይጠፋ፣ ቀሪውን እከፍልለታለሁ የሚል ዋስ ያቆማል። ባልና ሚስት ዋስ አይሆኑም፤ ኪሱ አንድ ነው ይላሉ። ችግር የለም። ዋስ ይጠፋል?

አሁን ክፉውን ልንገርሽ። ጽ. ካፖርት መስቀያው ጋ ያዘችኝ። ክሮይደን አንድ አሮጌ ቤት አግኝታለች። ሞርጌጁን፣ የባንኩን የቤት ብድር፣ ፈቅደውላታል፤ እድሳቱን ግን ብቻዋን አትችለውም፣ ጀርባዋ እምቢ ብሏል። የዕቁብሽን ብር አምጪና ግማሽ በግማሽ እንግባበት አለችኝ። ጉልበትሽንም ነው የምፈልገው፣ እሑድ እሑድ አብረን እንፍቃለን።

አስቢው እስቲ። ይኸው ብዬ እጇ ላይ ላስቀምጥላት? አራተኛው ቤት ሲመረቅ «ሰብለም ረድታኛለች» እንድትል? ሰው እየሰማ፣ «እኔ እንኳ የሰው ግድግዳ የምፍቅ ሴት አይደለሁም» አልኳት።

ፈገግ አለች። «አይ ሰብሌ! ፋብሪካ እንቁላል ትልጪ የለ? ግድግዳም ያው መላጥ ነው።»

ሁሉም ሳቀ። አባባ ግርማይ ሳይቀሩ። ይህኛው ሳቅ አልጣፈጠኝም።

ክሮይደን! ለመኖሪያ ወረቀት እዚያ መሥሪያ ቤት ስሰለፍ ያረጀሁበት አገር! መሬቱን ነው የምገዛው። አለቀ።


ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 29 — ማታ

መሬቴን አየሁ። ጭቃ እስከ ጉልበቴ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ትናንት ድፎ ዳቦ ጋገርኩ። ኮባ የለም፤ በፎይል ጠቅልዬ ኦቨን ውስጥ። ለምን? አባቴ መሬት ሲገዙ እንዲያ ነበር የሚያደርጉት። ለሻጩ ቃል ከመስጠታቸው በፊት ዳቦ ይዘው ወደ አዋሳኞቹ ይሄዳሉ፤ በምሥራቅ ማን አለ፣ በምዕራብ ማን አለ ብለው። መሬት የሚገዛው ከሻጩ ሳይሆን ከአዋሳኙ ነው ይሉ ነበር። እኔም የባላገር ወግ እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው። ለማማር።

ታደሰ ነዳ። አቶ ሣህሌ ከፊት። መንገዱ አለቀና መኪናዋን አጥር ሥር አቁመን በእግር ገባን። ታደሰ አየኝ። ማየቱ በቃኝ። ዝናብ። በግ። ትንንሽ እንጨቶች ተተክለዋል፣ ጫፋቸው ላይ ቀይ ጨርቅ። አቶ ሣህሌ በጃንጥላው ጫፍ ሣሩን ወጋ አድርጎ፣ «ይቺ የእርስዎ ናት» አለኝ። አንዲት በግ ቆማባታለች። ደስ አለኝ እንዴ? አዎ፤ ለአንድ አፍታ በጓንም ወደድኳት።

«አዋሳኜ ማነው?» አልኩ። አቶ ሣህሌ ሳቀ፣ እዚህ አገር እንዲያ ያለ ነገር የለም አለ። እኔ ግን ጭስ ወደሚታይበት ቤት ዳቦዬን አቅፌ ሄድኩ፤ እነሱም ተከተሉኝ። አንዲት አሮጊት፣ የጎማ ቦት ጫማ፣ ከኋላዋ ውሻ። ላንቺ ነው፣ ጎረቤትሽ ልሆን ነው አልኳት። ፊቷ በራ። አስገባችን። ሻይ። ዳቦውን ቆርሳ ቅቤ ቀብታ በላች፣ ደገመች። ከዚያ አዘነችልኝ። እንግሊዝ ሲያዝንልሽ ታውቂዋለሽ፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ማሳው ላይ ካውንስሉ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ቤት አያስሠራም አለች። ፕላኒንግ ፐርሚሽን፣ የግንባታ ፈቃድ፣ ያልተጠየቀበት ጊዜ የለም፣ የተሰጠበትም የለም። ከተማው እንዳይስፋፋ ተብሎ ሣር ሆኖ እንዲቀር የተከለለ ነው። የሞተው ባሏም ጠይቆ ከልክለውታል። «ካርታ ይዘው የሚመጡ ብዙ ናቸው፣ ደግ ደግ ሰዎች። ዳቦ ይዞ የመጣ ግን የለም» አለችኝ።

ስንመለስ አቶ ሣህሌ፣ የፈረንጅ ምቀኝነት ነው፣ ሣሩን ለበጎቿ ፈልጋ ነው አለ። ታደሰ በአፍንጫው ሳቀ።

ገባኝ እኮ። ሞኝ አይደለሁም። እኛ አገር መሬት ካለሽ አጥር ታጥሪያለሽ፣ ማገር ታቆሚያለሽ፤ መሬት ማለት ቤት ማለት ነው። እዚህ ፈቃድ የሌለው መሬት ሣር ነው። ሣር ደግሞ የሚገዛሽ እንዳንቺ የተታለለ ብቻ ነው። ገብቶኛል። ግን መሬቱን ከተውኩት የሚቀረኝ የጽ. በር ነው። ያንን በር ከማንኳኳ ከበጓ ጋር ሣር ብግጥ ይሻለኛል።

ሣሩን እገዛለሁ።


ሰኞ፣ ግንቦት 1 — ማታ

ልደታ። ንፍሮ እንኳ አልቀቀልኩም። ዓምዱን ስጽፍ ዋልኩ።

ግሩም ሆኗል! እጄ አልሞተም። ሁለቱ ሴቶች አጥር ላይ ያወራሉ። አንዷ ባለመሬት፣ የተረጋጋች፣ እጇ ንጹሕ። ሌላዋ አሮጌ ቤት አድሳ ሻጭ፣ ጥፍሯ ሥር ቀለም፣ ምርቃት የምትወድ። «እመቤቲቱ እያስመረቀች ትሸጣለች፤ እኛ ድስት እናወጣለን» የምትል መስመር አለችበት። ስጽፋት ብቻዬን ሳቅሁ። ስም አልጠራሁም። መጥራትስ ያስፈልጋል?

ስለ ፕላኒንግ ፐርሚሽን ግን አልጻፍኩም። ቦታ አልበቃኝም።

ፖስታው ውስጥ አስገብቻለሁ። ቴምብር የለኝም። ነገ።


ረቡዕ፣ ግንቦት 3 — ማታ

ዋስ።

መጀመሪያ ወጥ ቤት ውስጥ የሳቁልኝን ሴቶች ጠየቅሁ። አንዷ ባሌ አይፈቅድም። አንዷ ስለት አለብኝ። ሦስተኛዋ ስልኩን በልጇ አስነሥታ የለችም አስባለችኝ፤ ድምፅዋ ከኋላ ይሰማል!

አቶ ሣህሌ አለ አልኩ። መሬቱን የሚሸጥልኝ እሱ፣ የዕቁባችን አባል፣ የባላባት ልጅ። ደወልኩ። ሳል መጣ። ረጅም ሳል። «ወይዘሮ ሰብለ፣ ዋስትና በቤታችን የለም፤ አባቴ ሲሞቱ አስምለውኛል።»

«መሬቱ ያተርፋል አላሉኝም? አትርፌ ዕቁቤን ብከፍል ምን ያስፈራዎታል?»

መሬት ጊዜ ይፈልጋል አለ። ስንት ጊዜ? ያ በእግዚአብሔር እጅ ነው አለ። ለመሸጥ ሲሆን በነገው ዕለት፣ ለዋስ ሲሆን በእግዚአብሔር እጅ!

ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ታደሰ ሻይ አምጥቶ አጠገቤ አኖረው። ዛሬስ ወደድኩት።

ቴምብሩን ገዝቻለሁ። ፖስታው አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው።


እሑድ፣ ግንቦት 7 — ከዕቁብ መልስ፣ ባቡር ላይ

አሁን ወደ ክሮይደን፣ ጽ. ወደገዛችው ቤት እየሄድኩ ነው። ባቡሩ ይንቀጠቀጣል፤ አንብቢው እንግዲህ።

ዛሬ ማልጄ፣ ሰው ሳይሰበሰብ፣ አባባ ግርማይ ጋ ሄድኩ። ዋስ አጥቻለሁና ዕጣዬን ለሌላ ይስጡልኝ ልላቸው። ማፈሬ ካልቀረ ብቻዬን ልፈር ብዬ።

«ምን ዋስ ትፈልጊያለሽ፣ ልጄ? ዋስሽ መጥታ ሄዳለች።»

ማን? ጽ.። ዕጣው የወጣልኝ ዕለት፣ ማታውኑ። ያን ቃል ሰው ፊት ከነገርኳት በኋላ! ራሴ ካልጠየቅሁ እንዳይነግሩኝ አስጠንቅቃቸው ነበር። አባባ ግርማይም፣ ሰብለ መሬት ልትገዛበት ነው አሉ፣ ለዚያም ቢሆን ዋስ ትሆኛለሽ ወይ ብለዋታል። እሷ ምን እንዳለች ቃል በቃል ነገሩኝ፦

«ለሰብለ ነው ዋስ የምሆነው፣ አባባ፤ ለመሬቱ አይደለም።»

ምን እንደተሰማኝ ታውቂያለሽ? ምስጋና መሰለሽ? ተናደድኩ! በዚህም በለጠችኝ! በቤት በለጠችኝ፣ በመስኮት በለጠችኝ፣ ደግሞ በደግነት! አንዲት ነገር እንኳ አትተውልኝም? አባባ ግርማይ ፊት እንባዬ መጣ፤ የደስታ መሰላቸው፣ መሐረብ ሰጡኝ።

የዕቁቡ ስብሰባ ተበተነ። ብሩን ጡቴ ሥር ቋጥሬያለሁ። አቶ ሣህሌ ደረጃው ላይ ካርታውን ይዞ ይጠብቀኝ ነበር። ደህና ዋሉ ብዬው አለፍኩ። ታደሰ በመኪና ላድርስሽ አለኝ፤ ብቻዬን ልሂድ አልኩ።

ክሮይደን ደረስን። ቆይ።


እዚያው ዕለት — ማታ

ቤቱ ከዚያ ከሞተችው ርግብ ቤት ይብሳል። በሩ ክፍት ነበር። ጽ. ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተንጋላለች። ደንግጬ ጮህኩ። «ዝም በይ፣ ወገቤን እያሳረፍኩ ነው» አለችኝ። ፀጉሯ ላይ የግድግዳ ወረቀት ቁራጭ ተጣብቋል። ነጠላዬን አጥፌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ስለ ዋስ አላነሣንም።

የምታናድደኝን አንዲት ጥያቄ ግን ጠየቅኋት። የምትሸጪውን ቤት ለምን ታስመርቂያለሽ?

ጣሪያውን እያየች ነገረችኝ። አዲስ አበባ ከምትኖርበት ሌላ አንድ ቤት አሠርታ ነበር፣ በነርስ ደሞዝ፣ ዓመት በዓመት፣ ክፍል በክፍል። ሲያልቅ ጠላው ተጠመቀ፣ ቄሱ ለቅዳሜ ተጠሩ። አዋጁ ከቅዳሜው ቀደመ። ትርፍ ቤት ተብሎ ቁልፉን ለቀበሌ አስረከበች፤ ጠላው ከነጋኑ ለጎረቤት። «ያ ምርቃት ከሆዴ አልወጣልኝም፣ ሰብሌ። ቤቱንማ ረሳሁት።»

በዚህች ሴት ላይ ነው እኔ ስቄ ያሳቅሁት።

ከዚያ መፋቂያውን አነሣሁ። እንዴት እንደሚያዝ አላወቅሁም፤ ስቃ ሞተች። እንደ እንቁላል አድርጊው አለችኝ! ሰደብኳት። ፋቅሁ። ሦስት ንብርብር ወረቀት፣ አበባ፣ መስመር፣ እንደገና አበባ። ከሥሩ ምን እንዳለ ለማየት የቸኮልኩት እኔ ነበርኩ፤ ተዪ ይመሻል የምትለኝ እሷ።

እንግዲህ ውሳኔዬ፦

ብሩን ለጽጌ ሰጠኋት። (አየሽ? ሙሉውን ጻፍኩት። ትንሽ ይቆጠቁጣል።) ግማሽ በግማሽ፤ ጉልበቴም ጭምር።

ዓምዱን ቀድጄዋለሁ። ለአቶ በቀለ ነገ ደውዬ ሌላ እንደምሰጠው እነግረዋለሁ። ሁለቱ ሴቶች አጥር ላይ እንዳሉ ይቆያሉ። ባለመሬቷ ግን መጀመሪያ ድፎ ዳቦ ጋግራ አዋሳኟ ጋ ትሄዳለች፤ ፈቃድ ያለው መሬት ከሆነ ትግዛ፣ ከሌለው ለበጎቹ ትተውላቸው። ቤት አድሳ የምትሸጠዋም ጀርባዋን ትመርመር። ያቺን የድስት መስመር ግን አዘንኩላት፤ ጥሩ መስመር ነበረች።

ቅናቱ? አለ። ያን ባለቀለም መስታወት አሁንም ሳስበው የእኔ በሆነ ያሰኘኛል። የክሮይደኑ ደረጃ ላይም አንድ መስኮት አለ፣ በወፍራም ቡናማ ቀለም የተለሰነ። ከሥሩ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም። እንዳትነኪው፣ የሚቀጥለው እሑድ የእኔ ነው ብያታለሁ።

ምርቃት ደግሞ ይኖራል፤ ወደዱም ጠሉም። ጸበል፣ ቄስ፣ ልጅ ይወለድበት፣ ሽበት ይታይበት። እኔ ግን ድስት አልገዛም። በሩ ላይ ቆሜ የምቀበለው እኔ ነኝ። ያቺ በልጇ አፍ የለችም ያስባለችኝም ትምጣ፤ ክዳኑ ብርጭቆ የሆነ ድስት ይዛ።